ለአማቴ የሚሆን አገር

ሰኔ 3፣ ማክሰኞ

ክፍሌን ተቀማሁ።

የባሌ እናት ደረጃ ላይ ወድቃ ቀኝ ክንዷን ሰብራ፣ ዛሬ ከሆስፒታል በቀጥታ እኛ ቤት ገባች። ባለቤቴ "ለክረምቱ ብቻ ነው፣ እስኪሻላት" አለኝ። ይህን የሚለኝ ፍራሽ ወደ ሥራ ክፍሌ እየጎተተ ነው። እኔ ጥርስ ነው የምሠራው። ሐኪሙ የታካሚውን አፍ ይለካል፣ እኔ ቤቴ ቁጭ ብዬ በልኩ ሰው ሠራሽ ጥርስ አወጣለታለሁ። ለዚህ ሥራ መስኮት ያለው ክፍል፣ ሰፊ ጠረጴዛና ዝምታ ያስፈልጋል። ሦስቱንም በአንድ ከሰዓት በኋላ አጣሁ። ሰሙ፣ ጄሶውና መንጋጋዎቹ አሁን ወጥ ቤት ውስጥ ከድንቹ አጠገብ ተደርድረዋል።

አማቴ ጡረታ የወጣች ርዕሰ መምህርት ናት። ጡረታ የወጣችው ከትምህርት ቤቱ ነው እንጂ ከርዕሰ መምህርነቱ አይደለም። ገብታ ሳትቀመጥ መጋረጃውን አየች፣ ጣሪያውን አየች፣ ከዚያ እኔን አየች።

"ይሄ ቤት አቧራ የሚጠረገው በስንት ጊዜ ነው?"

"አቧራ አይደለም እማማ። ጄሶ ነው፣ የሥራዬ ነው።"

"የኔም ክንድ ላይ ያለው ጄሶ ነው። እሱ ግን መሬት ላይ አይፈስም።"

በአፌ "እርስዎ" እላታለሁ። እዚህ ላይ ግን ማንም ስለማያየኝ "እሷ" ናት። ይቺን ታህል ነጻነት ለራሴ ፈቅጃለሁ።

ሰኔ 6፣ ዓርብ

ሽንኩርት ስከትፍ አረመችኝ። ስልክ ሳወራ "አጠር አድርጊው" አለችኝ። ቴሌቪዥን ላይ ያለውን ሰውዬ እንኳ አልማረችውም፤ "ቀና በል!" አለችው። ባለቤቴን ብቻ አታርመውም፤ አታገኘውማ። የሊፍት ጠጋኝ ነው፤ ቤት ውስጥ ነገር ሲሸተው የሆነ ሕንጻ ላይ የሆነ ሰው ሊፍት ውስጥ ተቀርቅሮ ይገኛል። ዛሬ ከምሳ በፊትም ከምሳ በኋላም ሰው ተቀርቅሯል።

ሰኔ 8፣ እሑድ

አደረግኩት። በረንዳ ላይ ወጥቼ ለባሌ እህት ደወልኩ። እሷ ሌላ ከተማ ነው የምትኖረው፤ ቤቷ ሰፊ፣ ልቧም ደግ ነው፤ ድምጿ ብቻ ትንሽ ያዛል።

"እትዬ፣ በፈጠረሽ፣ እማማን አንቺ ጋ ውሰጃቸው። ሥራዬ ሊበላሽብኝ ነው። እኔ አልቻልኩም" አልኳት። ትንሽም ሳላለቅስ አልቀረሁም።

"አንድ ክፍል አሳድስና ክረምቱ ሲያልቅ ራሴ መጥቼ እወስዳታለሁ" አለች። "ለሷ ግን አሁን አትንገሪያት፣ ቅር እንዳይላት።"

ለባለቤቴም አልነገርኩትም። የበረንዳው በር በደንብ አይገጥምም፤ አማቴ ግን ተኝታ ነበር። ቀለል ብሎኝ ገባሁ።

ሰኔ 10፣ ማክሰኞ

ሐኪሙ አዲስ ልኬት ሊያደርስ መጣ። ከክፍሉ ውስጥ "ማነው የመጣው? ጫማውን ጠርጓል?" የሚል ድምፅ ተሰማ። ሐኪሙ ወጥ ቤት ድረስ ተከትሎኝ ገብቶ፣ ድንቹንና መንጋጋዎቹን ተራ በተራ አይቶ ከት ብሎ ሳቀ።

"እኚህ እናት የሚገዙት አገር ያስፈልጋቸዋል" አለኝ። "ያንቺ ወጥ ቤት አነሳቸው።"

ይህ ሰው በታካሚና በታካሚ መካከል ታብሌት ላይ ጌም ይጫወታል። ድሮም አውቃለሁ፤ ለጤናው ነው ብዬ ትቼው ነበር። ዛሬ እንደ መድኃኒት አዘዘልኝ። "የሚያጣድፍ ጌም እንዳትሰጫቸው። በአንድ እጅ፣ ያውም በግራ፣ እንዴት ብለው ይደርሱበታል? በተራ የሚሆን የስልት ጌም ፈልጊ። እሳቸው ይንቀሳቀሳሉ፣ ከዚያ ጠላት ይንቀሳቀሳል። እርምጃው መሃል ምሳቸውን በልተው ተኝተው ቢነሡም ጠላት ቆሞ ይጠብቃቸዋል።"

"እንዲህ ያለ ጠላት የት ይገኛል?" አልኩት። ዓይኔ ወደ ክፍሉ ሄዶ ነበር።

ሰኔ 13፣ ዓርብ

የባለቤቴን አሮጌ ታብሌት ወለወልኩና ጌም መረጣ ጀመርኩ። ምን ያለበት ጣጣ ውስጥ ነው የገባሁት!

የመጀመሪያው ዘንዶ ነበረበት። "ይሄ እንስሳ ማን ፈቅዶለት ነው ከተማ የሚገባው?" አጠፋሁት። ሁለተኛው ላይ የጦር አዛዧ ቆንጆ ልጅ ናት፤ ልብሷ ግን መሐረብ ነው የሚያህለው። "ይቺ ልጅ ለውጊያ ነው እንዲህ የወጣችው? እናት የላትም?" አጠፋሁት። ሦስተኛው መልካም ነበር፤ ጥቂት ተራ ካስኬደ በኋላ ግን ካልከፈላችሁ ወታደሮቹ አይበሉም አለ። "ጉቦ ነው" ብላ ታብሌቱን ገፋችው። አራተኛው በተራ ነው እያለ ከላይ በኩል ሰዓት ይቆጥራል።

"የፈተና ሰዓት የምጠራው እኔ ነኝ። እሱ ማነው?"

እሱንም አጠፋሁት። በዚህ አያያዝ ከተሜ ሁሉ የሚጫወተው ጌም ለአንዲት ሴት ሊጠፋ ነው።

ሰኔ 17፣ ማክሰኞ

ዛሬም ጥርስ አልሠራሁም፤ ስለ ጌም ሳነብ ዋልኩ። ምራቅ የዋጥኩ ሴት ነኝ እኮ! ሐኪሙ ጋ ደወልኩ፤ እሱም ታካሚ አስተኝቶ ያስረዳኛል፣ ታካሚው አፉን ከፍቶ "እ... እ..." ሲል ይሰማኛል።

ከነገረኝ ሁሉ አንዱ አእምሮዬ ውስጥ ቀረ። ጥሩ ጌም ስትሸነፊ ለምን እንደተሸነፍሽ ይገባሻል፤ መጥፎው ዕድልሽ ነው ብሎ ይሸኝሻል። ሌላውን የጨመርኩት እኔ ነኝ። ፊደሉ ትልቅ ይሁን፤ መነጽር እስኪፈለግ ቤቱ ይታመሳል። ሰው ከመምታቷ በፊት የምታተርፈውንና የምታጣውን ያሳያት። በስህተት የነካችውን መልሳ ማንሳት ትቻል፤ ግራ እጇ ገና ተማሪ ነው። ደግሞም የሚያልቅ ይሁን። ማለቂያ የሌለው ነገር ቤታችን ውስጥ አንድ ይበቃል። (ይሄን ማለት አልነበረብኝም። ግን ጻፍኩት።)

ሰኔ 20፣ ዓርብ

አገኘሁ!

ትንሽ ደሴት ናት። መሬቷ እንደ ማር እንጀራ ባለ ስድስት ማዕዘን ቁራጭ ነው። መንደር ትቆረቁሪያለሽ፣ እርሻ፣ ግንብ፣ ትምህርት ቤት ትሠሪያለሽ፤ ጎረቤትሽ ሌላ ገዢ ነው፣ ሲያገኝሽ ሰላምታ ያቀርባል። አማቴ በግራ አመልካች ጣቷ አንዱን ወታደር ወደ ኮረብታው ላከችና ተራዋን ጨርሳ ጠበቀች። ጠላት አንድ እርምጃ ሄዶ ቆመ።

"አሁን እኔን ነው የሚጠብቀው?"

"አዎ እማማ። እስከፈለጉት ድረስ።"

"ሥርዓት ያለው ነው" አለች። አቀማመጧን አስተካከለች።

ከምሳ ጀምሮ ቤቱ ጸጥ አለ። ሁለት ክራንቻ ጥርስ ሠራሁ። ከሰዓት በኋላ ጸጥታው አላስችል ብሎኝ በሩን ከፍቼ አየኋት። "ሥራ ላይ ነኝ" አለችኝ፣ ቀና ሳትል።

ሰኔ 24፣ ማክሰኞ

ሴትዮዋ ጌም አትጫወትም፤ ትምህርት ቤት ታስተዳድራለች። ከግንቡ በፊት፣ ከእርሻውም በፊት ትምህርት ቤት ነው የምትሠራው። ወታደሮቹን በድሮ ተማሪዎቿ አመል ሰይማቸዋለች። አንዱ አርፋጁ፣ አንዱ አልቃሻው፣ አንዱ ኮራጁ ነው። ኮራጁን የድንበር ጠባቂ አደረገችው።

"ለምን እሱን?"

"ዓይኑ ሩቅ ያያል።"

ጥርሴን ነክሼ ወጥቼ ወጥ ቤት ሄጄ ሳቅኩ። ከሰዓት በኋላ ሽፍቶች መጥተው አገሪቱን ጠርገው በሉባት። አጽናናታለሁ ብዬ ብገባ አልከፋትም።

"ስንት ትምህርት ቤት ሠርቻለሁ?"

"ሰባት።"

"ታዲያ ምኑን ነው የተሸነፍኩት?"

ሐምሌ 2፣ ረቡዕ

ጠራችኝ። እጄ ሰም ነው፣ እሳቱ ላይ ድስት ጥጃለሁ።

"ይሄ ኮምፒውተር አይናደድም" አለች። "ከማይናደድ ጋር መጫወት ምን ይጥማል? ለሁለት ሰው ይሆናል ብለሽኝ የለ? ነይ ተቀመጪ።"

አንድ ታብሌት ነው፣ እንቀባበላለን። አንዷ ስትጫወት ሌላዋ ወደ መስኮቱ ታያለች። እኔ በሐቅ ወደ ውጭ አየሁ፤ እሷ ግን በመስኮቱ መስታወት ውስጥ የምጫወተውን ታይ ነበር መሰለኝ። አንድ ተራ ብቻ ብዬ ነው የተቀመጥኩት። ድስቱ አረረ።

ሐምሌ 5፣ ቅዳሜ

ሁለት ተራ ብቻ። ጥርሶቹ ነገ።

ሐምሌ 6፣ እሑድ

ነገ።

ሐምሌ 8፣ ማክሰኞ

የክንዷ ጄሶ ወለቀ። የአጥንት ሐኪሙ "በየቀኑ ያንቀሳቅሱት" አላት። ከሱ ስር የወጣው ክንድ ቀጭንና ነጭ ሆኖ ሳየው አንጀቴን በላው። ይህን ለማንም አልናገርም።

የባሌ እህት ደወለች። ክፍሉ ሊቀባ ነው፤ "እማማ ምን ቀለም ትወዳለች?" አለችኝ። "እኔ እንጃ" አልኳት። ሰማያዊ ነው የምትወደው። ጌሙ ላይ ሁልጊዜ ሰማያዊውን ባንዲራ ነው የምትይዘው። ለምን እኔ እንጃ እንዳልኩ አላውቅም፤ ቸኩዬ ነው መሰለኝ።

ሐምሌ 11፣ ዓርብ

ያዝኩት!

ከወንዙ ማዶ ያለውን ከተማዋን። ትልቁ ትምህርት ቤት ያለበትን። ጠባቂ የለውም፤ ወታደሮቿ በሙሉ ትምህርት ላይ ናቸው። ፈረሰኞቼን ላክሁ፤ ጌሙ "እርግጠኛ ነዎት?" ብሎ ጠየቀኝ። እርግጠኛ ነበርኩ። እንዲህ ያለ ደስታ የጥርስ ሥራ ላይ አይገኝም።

ታብሌቱን ተቀበለችኝ። አየችው። መነጽሯን አውልቃ ጠረገችና መልሳ አየችው። ከተማው አሁንም የኔ ነበር።

"ትምህርት ቤት እኮ ነው" አለች።

"ጦርነት ነው እማማ።"

"ልጆቹ ክፍል ውስጥ ነበሩ።"

ታብሌቱን ጭኔ ላይ አስቀምጣ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ሐምሌ 12፣ ቅዳሜ

ኩርፊያ። ቁርስ ላይ ባለቤቴን "ለሚስትህ፣ ጨው በዝቷል በላት" አለችው። አጠገቡ ነኝ እኮ።

"ጨው በዝቷል አለችሽ" አለኝ።

"ሰምቻለሁ።"

"ሰምታለች" አላት። ከዚያ ስልኩን አውጥቶ አየው፣ የሚቀረቀር ሰው ፍለጋ።

ሐምሌ 14፣ ሰኞ

ሽምግልና ተቀመጥን። በሚሽከረከረው የሥራ ወንበሬ ላይ ተቀምጦ ባለቤቴ መሃላችን ሆነ።

"እስቲ ከመጀመሪያው ንገሩኝ። ማን ማንን ነካ?"

"ሚስትህ ከተማዬን ቀማችኝ" አለች አማቴ።

"የቱን ከተማ?"

"ከወንዙ ማዶ ያለውን።"

የኔ ሰው በእውነት ወንዝ ያለ ይመስል በመስኮቱ ወደ ውጭ ተመለከተ። "እማዬ፣ አንቺ ከተማ አለሽ እንዴ?"

"ነበረኝ።"

ይሄኔ ስልኩ ጮኸ። "ሰው ተቀርቅሯል" ብሎ ብድግ አለ። "ተቀመጥ!" አለችው፣ አንድ ትምህርት ቤት ሙሉ በምታስቆምበት ድምፅ። ተቀመጠ። እኔም ተቀምጬ ሳለ ተቀመጥኩ።

ያቀረበችው ውል ይህ ነው። ከተማውን እመልሳለሁ፤ ያፈረስኩትን ትምህርት ቤት በራሴ ድንጋይ አሠራለሁ፤ በልጇ ፊት "አጥፍቻለሁ፣ ይቅርታ" እላለሁ። ሁለቱን ወዲያው ተቀበልኩ። ሦስተኛው ጉሮሮዬ ላይ ቆመ። እንዲህ ያለ ቃል ከአፌ አይወጣም፤ ከልጅነቴ ጀምሮ ነው፣ ብደበደብም አልልም ነበር። ባለቤቴ ይህን ስለሚያውቅ ላብ በላብ ሆነ። በስተመጨረሻ "ጥሩ አላደረግኩም" የሚለው ላይ ተስማማን። እሱንም ወደ ታብሌቱ እያየሁ ነው ያልኩት።

"በቃ፣ ይሄ ለጊዜው ያልፋል" አለች። ከመቶ ሃምሳ እንደ መስጠት ነው።

ሐምሌ 18፣ ዓርብ

ጉድ ፈላ። ለራዲዮ ዜና አንባቢው የሠራሁት ጥርስ ተመልሶ መጣ። ሐኪሙ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ "የላይኛው ወደ ምሥራቅ፣ የታችኛው ወደ ምዕራብ ነው የሚሄዱት" አለኝ። "ምን እያሰብሽ ነው የገጠምሽው?"

ድንበሬን እያሰብኩ ነው። ኮራጁ ድንበሬ ላይ ቆሞ እያየኝ ነው። ይህን እንዴት ብዬ ልናገር? ዓይኔን በጨው አጥቤ "እማማ አላሠራ ብለውኝ ነው" አልኩ። እሷ በዚያ ሰዓት ግድግዳውን ተደግፋ ዝም ብላ ተራዋን እየጠበቀች ነበር። አፈርኩ። ሰውየው ሥራውን ትቶ ቤቱ ተቀምጧል፣ በሱ ፋንታ ሌላ ሰው ዜና ያነባል። እኔ ግን ስለ ፈረሰኛ አስባለሁ።

ሐኪሙ ሲወጣ በሩ ላይ ዘወር ብሎ "ለመሆኑ ግንብ ሠርተሻል?" አለኝ በሹክሹክታ።

ሐምሌ 23፣ ረቡዕ

ከገበያ ቶሎ ተመለስኩ። አማቴ ወንበር ላይ ቆማ መጋረጃ ትሰቅላለች። በቀኝ እጇ፣ ከራሷ በላይ ዘርግታ! ኮሪደሩ ላይ ጥቂት ቆየሁና ተመልሼ ወጥቼ የውጭውን በር ጓ አድርጌ ከፈትኩት። ስገባ አልጋ ላይ ናት፣ ክንዷን ታሻለች።

"እንዴት ዋለልዎት?"

"ይቆረጥመኛል ልጄ። ገና ነው።"

"ገና ነው" አልኳት።

ማታ የባሌ እህት ደወለች። "ገና ነው እትዬ፣ ሰሐን እንኳ አያነሱም" አልኳት። ባለቤቴ ሰምቶ ቅንድቡን ሰቀለ። ምን አገባው? ሊፍቱን ይጠግን።

ነሐሴ 1፣ ሐሙስ

የሥራ ጠረጴዛዬን ወደ ክፍሉ መለስኩት፤ ከአልጋዋ ትይዩ፣ መስኮቱ ስር። ወጥ ቤት ብርሃን ስለሌለ ነው። ሌላ ምክንያት የለውም። እኔ ሰም ስቀርጽ እሷ ትጫወታለች፣ ከዚያ እጄን ጠርጌ እቀበላታለሁ። የዜና አንባቢውን ጥርስ እንደገና ሠራሁት። አማቴ ሁለቱን መንጋጋ ይዛ ገጥማ አየችና "አሁን ይናገራል" አለች። ዛሬ አላረመችኝም። ሥራዬን ስትነካ ቆጣ አለማለቴ ራሴን ገረመኝ።

ነሐሴ 9፣ ዓርብ

ተሸነፍኩ። አጥንቴ እስኪሰማው ድረስ።

ያ ሁሉ ትምህርት ቤት ለካ ዝም ብሎ አልተቀመጠም። የኔ ሰዎች ጦር ይዘው ሳለ የሷ ሰዎች ድልድይ መሥራት፣ መርከብ መሥራት ተምረዋል። ባልጠበቅኩት በኩል፣ በባሕር መጥታ ዋና ከተማዬ ፊት ቆመች። ለምን እንደተሸነፍኩ ቁልጭ ብሎ ገባኝ። ጥሩ ጌም ነው የመረጥኩት፤ ምን ያደርጋል!

አላጨበጨበችም፣ አልሳቀችም። ታብሌቱን አስቀምጣ መስኮቱን እያየች አወራችኝ።

"ጡረታ የወጣሁ ጊዜ ሁሉም እቅፍ አድርገው ሸኙኝ። ከዚያ ወዲህ የማናግረው ሰው ሁሉ 'እሺ እማማ' ነው የሚለኝ። ልጆቼ እሺ፣ ጎረቤት እሺ፣ ሐኪም እሺ። ምን እንዳልኩ እንኳ አይሰሙም እኮ። አንቺ ብቻ ነሽ ከተማዬን የቀማሽኝ።"

"ጥሩ አላደረግኩም ብያለሁ" አልኳት።

"ዝም በይ። እያመሰገንኩሽ ነው።"

ሰም አቀለጥኩ። የማያስፈልገኝን ሁሉ አቀለጥኩ።

ነሐሴ 16፣ ዓርብ

የባሌ እህት ረቡዕ ትመጣለች። ክፍሉ አልቋል፣ አዲስ አልጋ ገብቷል፣ ቢጫ ተቀብቷል። ለእናቷም ራሷ ደውላ ነገረቻት። አማቴ "እሺ" አለች። በቃ፣ እሺ ብቻ።

ደስ ብሎኛል። ክፍሌ ይመለሳል። ክረምቱን ሙሉ የፈለግኩት ይህንኑ ነው። ደስ ብሎኛል።

ነሐሴ 19፣ ሰኞ

ልብሷን ታጥፋለች። ትናንትና አጥፋ ጨርሳ ሻንጣው ውስጥ ከታ ነበር፤ ዛሬ ሁሉንም አውጥታ እንደ አዲስ ታጥፋለች። ቁም ሳጥኑን ብቻዋን ገፍታ ከኋላው የወደቀ ካልሲ አወጣች። እዚያው ቆሜ እያየኋት ነው። ክንዷ ይቆረጥመኛል አላለችም፤ እኔም አልጠየቅኩም።

አዲስ ጌም እንጀምር ወይ አልኳት። "የማንጨርሰውን ምን ያስጀምረናል?" አለች።

ለባለቤቴ "እናትህ ሊሄዱ ነው፣ አንተ ምንም አትልም?" ብዬ ጮህኩበት። "እኔ እኮ አንቺ ደስ የሚልሽ መስሎኝ" አለ። ይህ ሰው ሊፍት ውስጥ ይቀርቀር።

ነሐሴ 21፣ ረቡዕ

መጣች። እራት ላይ ባለቤቴ ድፍረት ከየት እንዳመጣ አላውቅም፤ "እማዬ እዚህ ብትቆይስ? ከሚስቴ ጋር ተስማምተው ነበር እኮ" አለ። የባሌ እህት ማንኪያዋን አስቀመጠች።

"ምን ማለት ነው? ሚስትህ አይደለች እንዴ እያለቀሰች የለመነችኝ? በፈጠረሽ ውሰጃቸው፣ አልቻልኩም ብላ! እኔ ቤቴን አፍርሼ የሠራሁት በማን ልመና ነው?"

ወለሉ ተከፍቶ ቢውጠኝ ምንኛ በወደድኩ። ባለቤቴ ወደኔ ዞረ። እኔ አማቴን አየሁ። የተቀቀለ ድንች እየላጠች ነበር፣ በቀኝ እጇ።

"አውቃለሁ" አለች። "የበረንዳው በር አይገጥምም። በመጣሁ በሳምንቴ ነው የሰማሁት።"

እሷ ድንቹን ልጣ ጨርሳ በላች።

ከዚያ ሁሉ በፊት ታውቅ ነበር ማለት ነው። እየጠላኋት መሆኔን እያወቀች ነው "ነይ ተቀመጪ" ያለችኝ። ታብሌቱን ተቀብላ ስትሰጠኝ፣ መንጋጋ ስትገጥምልኝ፣ ሁሉ ታውቅ ነበር። አንድም ቀን በነገር አልወጋችኝም። ይሄን ዓይነት ጨዋታ ደግሞ የትኛውም ታብሌት ላይ አላየሁም። አሁን ገብቼ ላናግራት ይገባል። በሩ ድረስ ሄጄ ተመልሻለሁ። ምን ብዬ?

ነሐሴ 22፣ ሐሙስ

ጠዋት ሻንጣው በር ላይ ቆመ። የባሌ እህት መኪናውን አስነስታ መጥታ "ዝናቡ ሳይጠናብን እንሂድ" አለች። የባለቤቴ ስልክ ጮኸ፤ አይቶ አጠፋው። በትዳራችን ሲያጠፋው ሳይ የመጀመሪያዬ ነው። አማቴ ሹራቧን ቆልፋ እኔ ፊት መጥታ ቆመች። መልሱን እያወቀ እጁን የማያወጣ ተማሪ እንደምታይ አድርጋ አየችኝ።

"የምትይኝ ነገር አለ?"

"የለም እማማ። ደህና ይግቡ። ጃንጥላ ይዘዋል?"

"ይዣለሁ።"

አልተንቀሳቀሰችም። እኔም።

"ክንድዎ ግን ገና አልጠናም" አልኩ።

"ጠንቷል። ቁም ሳጥን ስገፋ አይተሽኛል። መጋረጃም ስሰቅል አይተሽኛል፤ ኮሪደሩ ላይ ጫማሽ ይንቋቋ ነበር።"

"አዲሱ ክፍል ደግሞ ቢጫ ነው። እርስዎ የሚወዱት..."

"ስለ ቀለም አልጠየቅኩሽም።"

"መንገዱም በዝናብ..."

"ምክንያት አልጠየቅኩሽም ልጄ።"

ያ ቃል ጉሮሮዬ ላይ መጥቶ ቆመ። እንደ ሁልጊዜው ሊመለስ ሲል አየሁትና ፈራሁ፤ ከተመለሰ እሷ ትሄዳለች።

"ይቅር ይበሉኝ" አልኩ። "አይሂዱብኝ።"

"አልሰማሁም።"

"አይሂዱ! እፈልግዎታለሁ! ከኔ ጋር ይሁኑ!"

ጮኼ ነበር። የጎረቤት በር ተከፈተ። አማቴ ጃንጥላውን ለልጇ አቀበለቻት። "ይህን እንድትል ሳምንት ሙሉ ጠበቅኳት፣ ግትር!" አለች። ከዚያ ጉንጯን ሳመቻት። "ልጄ፣ ድካምሽን ከንቱ አላስቀርብሽም፤ በጋው ላይ መጥቼ እቀመጥልሻለሁ። ሰማያዊ ቀቢው።"

የባሌ እህት ሁላችንንም በየተራ አየችን። ትቆጣለች ብዬ ስጠብቅ ሻንጣውን ራሷ አንስታ ወደ ክፍሉ መለሰችው። እኔ ወለሉ ላይ ተቀምጬ ተንሰቅስቄ አለቀስኩ፣ አማቴም ከላዬ ቆማ በዳነው እጇ ፀጉሬን እያበላሸች "በቃ፣ በቃ፣ ሰው ሰማሽ" ትለኛለች። ውኃ ያመጣችልኝ የባሌ እህት ናት። ያኔ በስልክ የለመንኳት ያቺው። ጠጥቼ ብርጭቆውን ስመልስላት ዓይኗን ማየት አልቻልኩም፤ እሷ ግን እየሳቀች ነበር።